ፒአርፒ ለሳሳ ጸጉር፦ ከደም መቅጃው እስከ መርፌው
ፒአርፒ ከራስዎ ደም ተለይቶ የሚወጣ፣ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሕዋሳት) የበዛበት ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ነው። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት የሕመም ማስታገሻዎቹን አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይውሰዱ፤ ፕሌትሌትን ያዳክማሉ። ሐኪም ያዘዘልዎትን አስፕሪን ግን በራስዎ አያቋርጡ።

ደሙ ሲትሬት ባለበት ቱቦ ይቀዳል፤ አለዚያ ይረጋል። ሴንትሪፉጅ (በፍጥነት የሚያሽከረክር ማሽን) ውስጥ ሲሽከረከር ቀዩ ደም ይዘቅጣል፣ ጠጅ የመሰለው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል፣ በመካከላቸው ስስ ነጣ ያለ ንብርብር ይታያል። ፕሌትሌቱ የሚበዛው እዚያው አጠገብ ነው፤ ከላይ ከላይ ብቻ ከተቀዳ የሚወጉት ፕሌትሌቱ ያነሰ ፕላዝማ ነው።

በየ1 ሴንቲ ሜትሩ 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ የራስ ቆዳ ውስጥ ይወጋል፤ በወር ልዩነት 3 ጊዜ። ጨርሶ የተመለጠ ቦታ ላይ ጸጉር አያበቅልም።

ቱቦው ላይ ስምዎ ሲጻፍ፣ መርፌው ከማሸጊያው ሲወጣ በዓይንዎ ይዩ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2018 በተዘጋ ፈቃድ አልባ ስፓ፣ ፊታቸውን በዚህ ሕክምና ያሠሩ ሴቶች በኤችአይቪ ተይዘዋል።