ክንድ ወደ ቼይን ሲቀየር የቦታው ስፋት (ካሬው) 20 በመቶ ከበለጠ

በክንድና በስንዝር የተጻፈ የእንግሊዝ የመሬት ልኬት በኤክሴል ወደ ጉንተር ቼይን (የእንግሊዝ የመሬት መለኪያ፣ 66 ጫማ) ሲቀየር ርዝመቱ 9.4 በመቶ፣ የቦታው ስፋት (ካሬው) ደግሞ 20 በመቶ ገደማ እየበለጠ ይወጣ ነበር።

ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች ማብዛት ምንም አልለወጠም። ቀጥሎ የዓለም አቀፉን ጫማ (0.3048 ሜትር) በአሜሪካ የቅየሳ ጫማ (1200/3937 ሜትር) ተካሁት። እሱም አልሆነም፤ የሁለቱ ልዩነት በአንድ ማይል 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው።

ፍንጭ የሰጠኝ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ መሬት ማስገባት ነው። 440 በ44 ክንድ ልክ 10 በ1 ቼይን፣ ማለትም አንድ ኤከር ነው። ሰንጠረዡ ግን በ4046.86 ፈንታ 4840 ካሬ ሜትር አወጣ። 4840 ደግሞ የአንድ ኤከር ካሬ ያርድ ነው! የእንግሊዙ ክንድ ግማሽ ያርድ (45.72 ሳ.ሜ.) ሲሆን፣ በሰንጠረዡ የተሞላው ግን እኛ አገር የለመድነው ግማሽ ሜትር ነበር።

ሜትርን ከመሃል አውጥቼ ሁሉንም የእንግሊዝ የርዝመት መለኪያዎች በኢንች ሞላሁ፦ ስንዝር 9፣ ክንድ 18፣ ፋዘም 72፣ ሮድ 198፣ ቼይን 792። ከዚያ ብዛቱን በኢንቹ አባዝቶ ለ792 ማካፈል ነው። 11 ክንድ አንድ ሮድ፣ 11 ፋዘም አንድ ቼይን፤ ቀሪ የለውም። ሊንክ (የቼይን መቶኛ) ካስፈለገ 7.92 ብሎ ከመሙላት ቼይኑን በ100 ማባዛት ይሻላል። ሜትር የሚፈልግ መጨረሻ ላይ ኢንቹን በ0.0254 ያባዛ።

በሰው ክንድ በቀጥታ የተለካ ከሆነ ግን 18 አይሠራም፤ የለኪው ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ተለክቶ በራሱ ረድፍ ይግባ።