የሉዊስ ሥዕል እምቢ ሲላችሁ

9ኛ ክፍል ላይ የኬሚካል ቦንድ (የአቶሞች ትስስር) ምዕራፍ ሲደርስ ብዙ ተማሪ «ገባኝ» ይላል። የሉዊስን ሥዕል ለመሣል እርሳስ ሲያነሳ ግን ነገሩ ይጠፋበታል። በዚህ ሥዕል ነጥብ የአቶም የውጪ ኤሌክትሮን ነው፣ መስመር ደግሞ ሁለት አቶሞች የሚጋሩት አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን፤ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ አቶም ዙሪያውን ስምንት እንዲሞላ ይፈለጋል። ተማሪ ሳስጠና ደጋግመው የሚያጋጥሙኝ ችግሮች እነዚህ ናቸው።

ነጥቦቹ ይተርፋሉ

ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሥሩ ስትባሉ ካርበንን መሃል አድርጋችሁ፣ ሁለቱን ኦክሲጅኖች በአንድ አንድ መስመር አያይዛችሁ፣ ሁሉም ስምንት እስኪሞላ ነጥብ ትጨምራላችሁ። ሥዕሉ ያምራል። ቁጠሩት፤ 20 ኤሌክትሮን አለው።

ምክንያቱ ነጥቦቹ ከየት እንደመጡ አለመጠየቃችሁ ነው። ካርበን በውጪው ምህዋር 4 ኤሌክትሮን አለው፣ እያንዳንዱ ኦክሲጅን 6። ድምሩ 16 ነው። 16 ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው የ20 ብር ዕቃ አይገዛም።

መፍትሄው ከመሣላችሁ በፊት ድምሩን ወረቀቱ ጥግ ላይ መጻፍ ነው። ሁለቱ መስመሮች 4 ይወስዳሉ፤ 12 ይቀራል። እሱን ለኦክሲጅኖቹ ስድስት ስድስት አካፍሉ። አሁን ኦክሲጅኖቹ ሞልተዋል፣ ካርበን ግን 4 ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ኦክሲጅን አንድ ጥንድ ነጥብ አንስታችሁ መስመር አድርጉት። በሁለቱም በኩል ድርብ ቦንድ ሆነ፣ ድምሩም 16 እንደሆነ ቀረ። ሥዕሉ የተሰየመለት ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ በ1916 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያቀረበው ሐሳብም ይኸው ነው፤ ሁለት አቶሞች አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን በጋራ ይይዛሉ።

አዮን (ቻርጅ ያለው አቶም ወይም የአቶሞች ስብስብ) ሲመጣ ደግሞ ምልክቱ ያምታታል። ናይትሬት ላይ የመቀነስ ምልክት ስላለ ብዙዎች ከድምሩ 1 ይቀንሳሉ። የሚደመር ነው! ኤሌክትሮን ራሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ፣ ኔጌቲቭ አዮን ማለት ትርፍ ኤሌክትሮን ያለው ማለት ነው። የናይትሮጅኑ 5 ሲደመር የሦስቱ ኦክሲጅኖች 18 ሲደመር 1፣ 24። ፖዘቲቭ የሆነው አሞኒየም ላይ ግን የናይትሮጅኑ 5ና የአራቱ ሃይድሮጅኖች 4 ድምር 9 ሲቀነስ 1፣ 8።

ሁሉን በትክክል ቆጥራችሁም ቦሮን ትራይፍሎራይድ ላይ ቦሮን 6 ብቻ ቢኖረው አትጨነቁ። እሱ እንደዚያው ነው።

ጨው ላይ መስመር ማስመር

በሶዲየምና በክሎሪን መካከል መስመር የምታሰምሩት ቦንድ ሁሉ መጋራት ስለሚመስላችሁ ነው። ሶዲየም ግን አንዷን ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ይሰጣል፤ አንድ ላይ የሚይዛቸው የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ መሳሳብ ነው። ጥንድም አይደሉም፤ እያንዳንዱ ሶዲየም በ6 ክሎራይድ፣ እያንዳንዱ ክሎራይድም በ6 ሶዲየም ይከበባል። ከወጥ ቤት ጥቂት ደቃቅ ጨው ጥቁር ወረቀት ላይ በትኑና በአጉሊ መነጽር እዩት። ብዙዎቹ ፍሬዎች ትንንሽ ኩብ ናቸው። ያ ቅርጽ የመጣው ከዚህ አደራደር ነው። ስለዚህ መስመሩን ተዉት፤ ሁለቱን ለየብቻ በቅንፍ አስገብታችሁ ቻርጃቸውን ጻፉ።

«ቦንድ ሲሰበር ኢነርጂ ይወጣል»

ይህን ፈተና ላይ የጻፈ ብዙ ነው፣ እኔም የምር ያሳስበኛል፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ምዕራፍ ሁሉ ያበላሻልና። ቦንድ ለመሰበር ኢነርጂ ይፈልጋል። አንድ ሞል (ኬሚስቶች የሚቆጥሩበት መጠን፣ 2 ግራም ገደማ) የሃይድሮጅን ሞሌኪውል ወደ አቶም ለመለያየት 436 ኪሎጁል ገደማ ይጠይቃል። ኢነርጂ የሚወጣው አዲስ ቦንድ ሲፈጠር ነው። ከሰል ሲነድ የሚያሞቀን ካርበንና ኦክሲጅን አዲስ ሲተሳሰሩ የሚወጣው ኢነርጂ ነው፤ ከሰሉ እስኪያያዝ ድረስ ግን የቀድሞዎቹን ቦንዶች የሚያላላ ሙቀት ከውጪ ይፈልጋል።