የጋሞን ደጋ በወጉ ለመጎብኘት

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜና ጨንጫ የሚወጣ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ሄዶ ከቀትር በኋላ ይመለሳል፤ የቀርከሃ ቤት አይቶ፣ ቆጮ ቀምሶ፣ ፎቶ አንሥቶ ጉብኝቱን ይጨርሳል። ይህ መመሪያ ቢያንስ አንድ ሌሊት ደጋው ላይ ለማደር ለሚያስብ ሰው ነው፤ ለጎብኚ ተብሎ ያልተዘጋጀው ኑሮ የሚታየው መኪኖቹ ከተመለሱ በኋላና በማለዳ ነውና።

ለጉዞው የሚመቹት ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ደረቅ ወራት ናቸው። በበልግና በክረምት ጭጋጉ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ከዓይን ይሰውራል፤ ወደ ውስጥ የሚገቡት የአፈር መንገዶችም ይጨቀያሉ። ለመስቀል መሄድ ግን ዝናቡን ቢታገሡለት የሚያስቆጭ አይደለም፤ በአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ሸማኔዎች በዚያ ሰሞን ወደ ቀያቸው ስለሚመለሱ ደጋው በሰው ይሞላል። ማደሪያ አስቀድመው ካልያዙ ግን ይቸገራሉ።

አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ጨንጫ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላው መንገድ ከቆላ ሙቀት ወደ ደጋ ብርድ ይሻገራሉ። ስለዚህ ለታች አጎበር፣ ለላይ ወፍራም ልብስ ይያዙ፤ ወይም እዚያው ቡልኮ ይግዙ። ዳገቱ ላይ ሕፃናት መኪና ፊት እየጨፈሩና እየተገለባበጡ ሳንቲም ይለምናሉ። ከመስኮት ምንም አይወርውሩላቸው፤ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚያውላቸው ይኸው ውርወራ ነው።

ወደ ዶኮ፣ ወደ ቦንኬ ወይም ወደ ጉጌ ተራራ ለመዝለቅ ካሰቡ ጋሞኛ የሚናገር የአካባቢውን ሰው አስጎብኚ ይያዙ፤ ዋጋውን፣ የፎቶውንም ክፍያ ጭምር፣ ከመነሣታችሁ በፊት ይስማሙ። የገበያ ቀን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጉዞዎን ከእሱ ጋር ለማገጣጠም አስቀድመው ይጠይቁ።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጎንጉኖ የሚሠራ ሲሆን፣ ከበሩ በላይ ያለው ገጽታው የዝሆን ፊት ይመስላል። አዲሱ ቤት እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ምስጥ ሥሩን በበላው ቁጥር ግን የተበላው እየተቆረጠ ቁመቱ ስለሚያጥር፣ ዝቅ ያለ ቤት ሲያዩ ዕድሜው የገፋ መሆኑን ይገምቱ። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ቦታ ያዛውሩታል። ሲገቡ ጎንበስ ብለው ይግቡና የሚቀመጡበትን እስኪያሳዩዎት ይጠብቁ፤ ውስጡ ጨለማና ጭስ ያለበት ስለሆነ፣ በአንድ በኩል የታሰሩትንም ከብቶች ሊረግጡ ይችላሉ።

በቤቱ ዙሪያ የሚያዩት እንሰት የዚህ ደጋ ኑሮ ምሰሶ ነው፤ የሚለማውም በእነዚያው ከብቶች ፍግ ነው። ግንዱን የሚፍቁት ሴቶች ሲሆኑ፣ የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይባላል። ሥራው ከሚመስለው በላይ ጉልበት ይጠይቃል፤ ባለቤቷ ከፈቀደችልዎ በቀርከሃው መፋቂያ ትንሽ ቢሞክሩ በቅጠል ላይ ተጋግሮ በዳጣና በማር የሚቀርብልዎትን ቆጮ በሌላ ዓይን ያዩታል።

ሽመና የወንዶች፣ ፈትል የሴቶች ሥራ ነው። ጋቢ ወይም ነጠላ ሲገዙ ጨርቁን ወደ ብርሃን ያንሡት፤ ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ስለሆነ እኩል ነው፣ በእጅ የተፈተለው ማግ ግን አልፎ አልፎ ወፈር ቀጠን ይላል። ፍጹም እኩል የሆነው ጨርቅ የእጅ ፈትል ላይሆን ይችላል። ዱንጉዛ የሚባለውን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጨርቅም ከሸማኔው እጅ ይግዙ። ሸክላ ሲገዙም እንደዚሁ ሠሪዎቹን ራሳቸውን ይፈልጓቸው፤ ሸክላ የሚሠሩትና ቆዳ የሚያለፉት፣ ማናና ደጋላ የሚባሉት ወገኖች፣ ማላ ከሚባሉት ባለ መሬቶች ተለይተው ለረጅም ዘመን መገለል የደረሰባቸው ናቸው። አስጎብኚዎ ወደ መንደራቸው ለመውሰድ ካመነታ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላልና በትሕትና ደግመው ይጠይቁት።

ዱቡሻ የሚባለው ሜዳ ሕዝቡ የሚመክርበትና ጠብ የሚበርድበት ስፍራ ስለሆነ፣ ሳያስፈቅዱ አይርገጡት፤ ስብሰባ ካለም ካሜራዎን ያስቀምጡ። የአባቶች ሥልጣን ያረጀ ወግ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አጠገብ በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲወጡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊታቸው ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። ሣር ይዞ የተንበረከከ አባትን አልፎ መሄድ በጋሞ ነውር ነው።

ለመመለስ ጠዋት ይነሡ፤ በዝናብ ወራት ከቀትር በኋላ ቁልቁለቱን ጭጋግ ስለሚይዘው ልምድ ያለው ሾፌር እንኳ መንገዱን በደንብ አያየውም።