ሰፈር ስትመርጡ ከቧንቧው ጀምሩ

እኔ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሮቶ ያልሰቀልኩበት፣ ፓምፕ ያልገጠምኩበት ክፍለ ከተማ የለም። ቤት ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች እየደወሉ «ሰሚት ይሻላል ጀሞ?» ይሉኛል። ደላላ ሁሉንም ሰፈር ይወዳል። ባለቤቱም የራሱን ቤት አያማም። እኔ የምሸጠው ቤት የለኝም። ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ በምን እንደሚያማርር ግን አውቃለሁ፤ የሚደውለው ለእኔ ነዋ።

ቀለም ይቀባል፣ ሴራሚክ ይቀየራል፣ ኪችን ፈርሶ ይሠራል። የውሃው መስመር፣ አፈሩና የታክሲው ሰልፍ ግን ብር ስላላችሁ አይቀየሩም። ስለዚህ ቤት ከማየታችሁ በፊት ሰፈር እዩ። ሁለት ወይም ሦስት ሰፈር ያዙ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ይደበላለቅባችኋል። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፣ መልሱን ጻፉ። አንዱን ሰፈር እሁድ ጠዋት፣ ሌላውን ሰኞ ማታ አይታችሁ ብታወዳድሩ ያወዳደራችሁት ሰፈሩን ሳይሆን ሰዓቱን ነው።

አንድ ባልና ሚስት ደንበኞቼን ልጥቀስ። ሦስት ሰፈር ይዘው መጡ። አያት ኮንዶሚኒየም፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ኮተቤ ደግሞ ነባር ይዞታ (ከሊዝ በፊት የተያዘ መሬት) ላይ ያለች የጭቃ ቤት። ባል ሜክሲኮ ይሠራል፣ ሚስት መገናኛ። ዋሽንግተን ያለች እህታቸው ብሩን ታግዛቸዋለች። እሷ አያት ያለውን ቤት በቪዲዮ አይታ ወዳዋለች። አራተኛ ፎቅ ነው፣ እይታው ያምራል አለች። እውነት ነው፣ ያምራል።

መጀመሪያ ውሃ። የከተማችን ውሃ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በምሥራቅ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች አሉ፣ በምዕራብ ገፈርሳ፣ በደቡብ ደግሞ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች። ከተማዋ ራሷ ተዳፋት ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። የጉድጓድ ውሃ ሽቅብ የሚወጣው በመብራት ኃይል ነው። እናንተ ቤት መብራት እያለ ጉድጓዱ ጋ ከጠፋ ውሃችሁ ይቀራል። ስለዚህ «ውሃ አለ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «መስመሩ ከየት ነው የሚመጣው? ፈረቃው በሳምንት ስንት ቀን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ ከፍታ። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 1 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋል። አብዛኛው የ20/80 ኮንዶሚኒየም ጂ ፕላስ 4 ነው፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ አለው፣ አንዱ ፎቅ ወደ 3 ሜትር ይሆናል። አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ብቻ 1.2 ባር ያስፈልጋል። ሻወሩ ደህና እንዲወርድ ደግሞ ሌላ ግማሽ ባር ጨምሩበት። ቀን ቀን ሁሉም ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ግፊቱ ይደክማል። ለዚህ ነው የላይኛው ፎቅ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ ውሃ የሚቀዳው። ያንኑ ብሎክ አንደኛ ፎቅ ላይ ብትጠይቁ «ውሃማ አለ» ይሏችኋል። ሁለቱም አልዋሹም።

ቤቱን ስታዩ ቧንቧ ከፍታችሁ «ይመጣል» ብላችሁ እንዳትረኩ። ብልጥ ሻጭ የሚጠራችሁ ውሃ በሚመጣበት ቀን ነው። እኔ የምመክረው ያለፉትን 6 ወራት የውሃ ቢል እንዲያሳዩአችሁ ነው። ብሩን ተዉት፣ ኪዩቡን እዩ። 1 ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው። አራት ሰው ያለበት ቤት እየቆጠበ በነፍስ ወከፍ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም በወር 6 ኪዩብ ይሆናል። ቢሉ ላይ 1 ወይም 2 ኪዩብ ብቻ ካያችሁ ወይ ቤቱ ባዶ ነበር፣ ወይ ውሃ በቦቴ እየተገዛ ነው። ቢል የለንም ካሉም መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ጀሞ የሄድን ቀን ደረጃውን እየወጣን ጀሪካን እናይ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በዙ፣ እንዳይሰረቁም ከደረጃው ብረት ጋር በሽቦ ታስረዋል። አራተኛ ፎቅ በሩ አጠገብ ትልቅ ሰማያዊ በርሜል ቆሟል፣ አፉ በአሮጌ ነጠላ ተሸፍኖ በላስቲክ ተጠፍሯል። ነጠላው መሃሉ ላይ ረጥቧል። ልብስ የሚያሰጡ አንዲት እናት ነበሩ። «እማማ፣ ውሃ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «የየትኛውን ሳምንት ልንገርህ?» አሉኝ።

ጀሞ ሁሉ እንደዚህ ነው እያልኩ አይደለም። እዚያው ግቢ ወረድ ብሎ ያለ ብሎክ ደረጃው ላይ ጀሪካን የሚባል አላየንም። የሰፈር ስም ብቻ ይዛችሁ አትወስኑ ለማለት ነው። ብሎክ ከብሎክ፣ ቅያስ ከቅያስ ይለያል። ጣሪያ ላይ ያሉትን ሮቶዎችም ቁጠሩ። ሁሉም ቤት ሁለት ሁለት ከሰቀለ ሰዉ የሚያውቀው ነገር አለ።

እንግዲህ ምድር ቤት ይሻላል እንዳትሉ። ውሃው እዚያ ይደርሳል፣ ፍሳሹም እዚያው ይመለሳል። የጋራ የፍሳሽ መስመር ሲዘጋ የአምስት ፎቅ ጣጣ ብቅ የሚለው ታች ባለው ሽንት ቤት በኩል ነው። ከብሎኩ ጀርባ ዞራችሁ የማንሆሉን ክዳን እዩ። ዙሪያው እርጥብ ከሆነና ከሸተተ ነዋሪዎቹ ለማስመጠጥ እየተዋጣን ነው ወይም አልተዋጣንም እየተባባሉ ነው። ኮሚቴው ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ግቢ ቤት ከሆነ ደግሞ ፍሳሹ ከከተማው መስመር ጋር ተያይዟል ወይስ ጉድጓድ ነው? ጉድጓድ ከሆነ የፍሳሽ መኪና እስከ በሩ ይገባል? ኮተቤ ያየናት ቤት ቆንጆ ነበረች፣ መግቢያ መንገዷ ግን ባጃጅ እንኳ አያስገባም። ለእኔ አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ነው ምርጡ። ይህ የሙያዬ አድልዎ ነው።

አፈሩንም እዩት። ሰሜኑ፣ የእንጦጦ ግርጌ፣ ቀይ አፈርና ድንጋይ ይበዛዋል። ወደ ቦሌ፣ ቡልቡላና አቃቂ ስትወርዱ መረሬው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ይመጣል። መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በደንብ ያልተሠራ ቤት አብሮት ይነሳል ይወርዳል። እኔ የማየው መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ከመጋጠሚያው ተስቦ ሲወጣ ነው። እናንተ ደግሞ ከመስኮት ጥግ ጀምሮ ሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ፈልጉ። አዲስ ቀለም አንድ ግድግዳ ላይ ብቻ ከተቀባ ጠርጥሩ። ኮተቤና ካራ በበኩላቸው አፈራቸው ደህና ነው፣ የተራራው ጎርፍ ግን አለ። ከቤቱ በላይ ያለው የድጋፍ ግንብ ውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አለው? የደጁ ቦይ በደረቅ ቆሻሻ ተሞልቷል? ወንዝ ዳር ከሆነ እኔን ባትጠይቁኝ ይሻላል። ሽታውም ሙላቱም አለ፣ በዚያ ላይ ወንዝ ዳርን ለማልማት ቤት ሲነሳ አይተናል።

የሚቻል ከሆነ ቤት በሐምሌ እዩ። ሁሉም ሰው በጥር ነው የሚገዛው፣ ፀሐይ ነው፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ሐምሌ ላይ ግን ሰፈሩ የሚደብቀው ነገር የለውም። እስከዚያ መጠበቅ ካልቻላችሁ የበሩን ደፍ ተመልከቱ። ሰዉ ሁሉ ደፉን በሲሚንቶ ከፍ ካደረገ ጎርፍ ይገባል ማለት ነው።

ትራንስፖርት ላይ እኔ ሊቅ አይደለሁም፣ ግን መሣሪያ ተሸክሜ ስለምሳፈር አንድ ነገር አውቃለሁ። ካርታ ላይ የምታዩት ርቀት ውሸት ነው። ከሥራ ቦታችሁ ተነሱና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ልክ እዚያ እንደምትኖሩ ሆናችሁ ተሳፈሩ። መገናኛ ሰልፉ ላይ ቁሙ። ሰልፍ ሲረዝም የታክሲው መንገድ ይቆራረጣል፣ ሁለቴ ትከፍላላችሁ። ባልና ሚስቱ ዘንድ ስሌቱ እንዲህ ነበር። ከጀሞ ሜክሲኮ ይቀላል፣ መገናኛ ግን የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ከኮተቤ መገናኛ ቅርብ ነው፣ ሜክሲኮ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ያስፈልጋል። ከአያት ደግሞ በ2008 ሥራ የጀመረው ባቡር በመገናኛ አድርጎ ሜክሲኮን አልፎ እስከ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። ሁለቱንም በአንድ መስመር ያደርሳል። ባቡሩ እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ አይመጣም፣ ጭንቅንቁም ሌላ ነው። ቢሆንም አማራጭ ነው። ባልየው ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት አያት እየሄደ ከዚያ ተሳፍሮ ሥራ ገባ። ሚስቱ «እብድ ነህ» አለችው። እኔ ግን ጎበዝ ብዬዋለሁ።

ወረቀቱን በሚመለከት ጠበቃ ያዙ፣ እኔ የምነግራችሁ የሰማሁትንና ያየሁትን ነው። አገራችን ውስጥ መሬት አይሸጥም፤ የምትገዙት ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ይዞታው ነባር ነው ወይስ በአዋጅ 721/2004 መሠረት ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የተያዘ) ነው? ሊዝ ከሆነ ቀሪው ክፍያ ስንት ነው? ኮንዶሚኒየም ከሆነ ለ5 ዓመት አይሸጥም የሚባለው ገደብ አልፏል? የባንክ ብድሩስ? እዳና እገዳ እንደሌለበት ማረጋገጫ ጠይቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የባልና የሚስት ፊርማ አንድ ላይ ይኑር። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም፤ ቡና ቤት የተጻፈ ውል ቡና ቤት ይቀራል። ዳር ዳር ያለ ሰፈር ከሆነ ቦታው በአዲስ አበባ ነው ወይስ በሸገር ከተማ ሥር ብላችሁ አጣሩ፣ ጉዳይ የምትጨርሱበት ቢሮ የተለየ ነውና። መሃል ከተማ ከሆነ ደግሞ ፕላኑ ላይ ቦታው ለምን እንደተመደበ ክፍለ ከተማው ጋ ጠይቁ። ፒያሳና ካዛንቺስ ምን እንደሆኑ ሁላችንም አይተናል። የጨረቃ ቤት በርካሽ ሲቀርብላችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ ሂዱ።

ውጭ አገር ላላችሁ፣ በቪዲዮ ቤት አትምረጡ። ስልክ የያዘው ሰው የሚያሳያችሁ ሳሎኑን ነው። ውክልና ከመላካችሁ በፊት ዘመድ ልካችሁ የቢሉን፣ የማንሆሉንና የደረጃውን ፎቶ አስነሱ። ዋሽንግተን ላለችው እህት እኔው ነኝ የበርሜሉን ፎቶ የላክሁላት። መጀመሪያ ተናደደች። ኋላ ግን «አያት ያለውም አራተኛ ፎቅ እንዲህ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሄደን አየን፣ ብዙም አይለይም።

ጎረቤትን በአንድ ቀን ማወቅ አይቻልም። ሱቁ ጋ ቁጭ ብላችሁ ለስላሳ ጠጡ። ባለሱቁ ማን በዱቤ እንደሚወስድ፣ ሌሊት የት ሙዚቃ እንደሚጮህ፣ ዕድሩ ስንት ሰው እንዳለው ያውቃል። ዘበኛውንም አናግሩት፣ ከደላላው በላይ ይነግራችኋል።

ባልና ሚስቱ በመጨረሻ አያትን መረጡ። እህት የወደደችውን ቤት ግን ተዉት። እዚያው አያት ሌላ ብሎክ፣ ሁለተኛ ፎቅ ገዙ። እይታው የጎረቤት ብሎክ ነው። እኔ 1,000 ሊትር ሮቶና ትንሽ ፓምፕ ገጠምኩላቸው።

ዋጋ ስትነጋገሩ ይህን ሁሉ ጥቅም ላይ አውሉት። የሮቶና የፓምፕ ዋጋ ከሱቅ ጠይቃችሁ፣ የመግጠሚያውን ከእኔ ቢጤ ሰው ሰምታችሁ «ይህ ይቀነስልን» በሉ። ደላላው ጣልቃ ሊገባ ይሞክራል፣ እሱ ኮሚሽኑ የሚቆረጥለት ከዋጋው ላይ ስለሆነ አይፈረድበትም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ የውሃና የመብራት ቆጣሪዎቹን ቁጥር ጽፋችሁ ቅርንጫፍ ቢሮ ሂዱና ውዝፍ ካለ ጠይቁ። ውዝፉ ተከፍሎ ደረሰኙን እስክታዩ ብሩ ኪሳችሁ ይቆይ።