ጤና መምሪያ ሲደውል የምንሠራቸው ስህተቶች

የማያውቁት ቁጥር ይደውላል። «ከጤና መምሪያ ነው» ይልዎታል፣ ቀጥሎ ማክሰኞ ከሰዓት የት እንደነበሩ ይጠይቃል። ተላላፊ በሽታ ይዞዎት ከሆነ ከእርስዎ ማን እንደተጋለጠ እየፈለገ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይዘጋዋል። መጠርጠሩ ክፋት የለውም፣ አጭበርባሪ ሞልቷል። ስህተቱ ዘግቶ መርሳቱ ነው። የመምሪያውን ቁጥር ራስዎ ፈልገው መልሰው ይደውሉ። ገንዘብ ወይም የባንክ ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ ግን የጤና ሰው አይደለም።

ከሁሉ የሚበዛው ስህተት «እኔ ማንንም አልነካሁም» የሚለው መልስ ነው። ለኩፍኝ መንካት አያስፈልግም። ቫይረሱ ታማሚው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ 2 ሰዓት ድረስ ክፍሉ አየር ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ደዋዩ «ከክሊኒኩ ስንት ሰዓት ላይ ወጡ?» እያለ ሲያደርቅዎ ወሬ አምሮት አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ወጥተው ከሆነ፣ አሥር ሰዓት ላይ ልጇን አቅፋ እዚያው የገባች እናት፣ እርስዎን በዓይኗ ሳታይ፣ የተጋለጡ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ መግባት አለባት። «ከሰዓት በኋላ መሰለኝ» ካሉት ደግሞ የግማሽ ቀን ሰው ሁሉ ሊፈለግ ነው። ሰዓቱ ከጠፋዎት ስልክዎ ላይ ያሉትን ፎቶዎችና የክፍያ መልእክቶች ይዩ።

ቀኑን ከታመሙበት ጀምሮ መቁጠርም ያሳስታል። የኩፍኝ ታማሚ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ከወጣም በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ ያስተላልፋል። በነዚያ የመጀመሪያ ቀናት እኮ ጉንፋን ነው ብለው ሥራ ገብተው ይሆናል።

ያገኟቸውን ሰዎች ስም መደበቅ አለ ደግሞ። ይሉኝታ ነው፣ ይገባኛል። ባለሙያው ግን ለሌሎቹ ሲደውል «ለበሽታው ተጋልጠዋል» ይላል እንጂ የእርስዎን ስም አያነሳም፤ አሠራሩ እንደዚያ ነው። አንዳንዴ ሰው ገምቶ ይደርስበታል፣ አልዋሽም። ቢሆንም ያልተከተበ ሰው በተጋለጠ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢከተብ በሽታው ላይይዘው ወይም ቀለል ሊልለት ይችላል። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው እርስዎ ስሙን ከሰጡበት ሳይሆን ከተገናኛችሁበት ነው። ሁለት ቀን «ልናገር ወይስ ልተው» ሲሉ ከቆዩ የቀረው ቢበዛ አንድ ቀን ነው።

መምሪያዎቹም ቢሆኑ ንጹሕ አይደሉም። የእነሱ ትልቁ ጥፋት፣ በእኔ እይታ፣ የላብራቶሪ ውጤት እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው። በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾቹን ቤት እየዞረ ውኃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቀ። ጣቱ ብሮድ ስትሪት ላይ ያለችውን የውኃ ፓምፕ ጠቆመ፣ የአካባቢው ሹሞችም እጀታዋን አስነቀሉ። እርግጥ ወረርሽኙ ያኔ መብረድ ጀምሮ ነበር፣ ስኖው ራሱም ይህን አልሸሸገም። ቢሆንም ሮበርት ኮክ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ለዓለም ያሳወቀው ከዚያ 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። እሱን ቢጠብቁ ኖሮ...

«ተመርምሬ ነጻ ነኝ» ብሎ ከለይቶ ማቆያ መውጣትም የተለመደ ነው። ለይቶ ማቆያ የሚገባው የታመመ ሰው አይደለም፤ ተጋልጦ ገና ያልታመመ ነው። ለኢቦላ የተጋለጠ ሰው 21 ቀን ክትትል የሚደረግለት በሽታው ምልክት ሳያሳይ እስከዚያ ሊቆይ ስለሚችል ነው። በሦስተኛው ቀን ነጻ መባል ስለ አሥረኛው ቀን ምንም አይናገርም።

ሳኒታይዘር ለሁሉም ይበቃል ማለትም ስህተት ነው። ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ ለአልኮል ብዙም አይበገርም። እጅን በሳሙናና በውኃ ማሸት ነው ያለው።

የቲቢ መድኃኒትን ሳሉ ሲጠፋ ማቆም ደግሞ የባሰ ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፣ ሳሉ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ሊለቅ ይችላል። ያቋረጠ ሰው ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስበት ይችላል። ለዚህ ነው በአምስተኛው ወር፣ ደህና ሆነው ሥራ ላይ ሳሉ፣ ያ ቁጥር እንደገና ደውሎ «የዛሬውን ዋጡ?» የሚልዎት።