ማንን እንጨምር? የአሜሪካ ኮሌጅ ኮንፈረንሶች አዲስ አባል ሲመርጡ የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ቢግ ቴን የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ኮንፈረንስ 18 አባላት አሉት። ቢግ 12 ደግሞ 16። የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ፣ ማለትም ኤሲሲ፣ ከ2024 ጀምሮ ስታንፎርድንና በርክሌይን አቅፏል፤ ሁለቱም ያሉት ካሊፎርኒያ ነው። ስሙን አምኖ ካርታ የዘረጋ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ለማያውቅ ባጭሩ፦ ኮንፈረንስ ማለት እርስ በርስ የሚጋጠሙ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ነው። የጨዋታ ፕሮግራም ያወጣል፣ የቴሌቪዥን መብቱን ባንድ ላይ ይሸጣል፣ ገንዘቡን ያከፋፍላል። ትልቁ ገንዘብ የሚመጣው ከፉትቦል ነው፤ የኛው እግር ኳስ ሳይሆን ያ የራስ ቁር ተደርጎ የሚጫወቱት። "ማንን እንጨምር?" የሚለው ጥያቄ በመጣ ቁጥር ታዲያ ስንት የተማሩ ፕሬዚዳንቶች ተሰብስበው የዛሬ አሥር ዓመት የተሠራውን ስህተት ይደግሙታል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የኬብል ደንበኛን እንደ ደጋፊ መቁጠር

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖር አንባቢ ይሄ ታሪክ የሰፈሩ ታሪክ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኮሌጅ ፓርክ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ እዚያው ጎን። በ1953 ኤሲሲን ከመሠረቱት አንዱ ነበር። በኅዳር 2012 "ወደ ቢግ ቴን መሄዴ ነው" አለ። የኒው ጀርሲው ራትገርስ በማግስቱ ተከተለ። ሁለቱም በ2014 ገቡ።

ቢግ ቴን ምን ፈልጎ ነው? ራትገርስ ዋንጫ ያመጣል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። ነገሩ ወዲህ ነው። ኮንፈረንሱ ከ2007 ጀምሮ የራሱ ቻናል አለው። የኬብል ኩባንያዎች ለዚያ ቻናል በየወሩ የሚከፍሉት በደንበኛ ቁጥር ነው። አባል ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግዛት ደግሞ ዋጋው ከሌላው ቦታ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ሜሪላንድ ሲገባ የዋሽንግተንና የባልቲሞር ቤቶች፣ ራትገርስ ሲገባ የኒው ዮርክ አካባቢ ቤቶች ሒሳቡ ውስጥ ገቡ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ አንዲት እናት ኬብል አስገብተው ከሆነ፣ አንድም ቀን ፉትቦል ባያዩ እንኳ ከወር ክፍያቸው ላይ የተወሰነ ነገር ለቢግ ቴን ይደርስ ነበር። እሳቸው ሳያውቁት ተቆጥረዋል።

ለጥቂት ዓመታት ሒሳቡ በደንብ ሠራ። ይሄንን መካድ አይቻልም። ግን ሰው ኬብል ማቋረጥ ጀመረ። በስልኩና በኢንተርኔት የሚያይ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ማየት ለሚፈልገው ብቻ ነው። ሳያዩ የሚከፍሉት ሰዎች ሲቀነሱ፣ የቀረው ያው የዱሮው ጥያቄ ነው፦ ይሄን ቡድን ፈልጎ የሚያይ ማን ነው?

ሜሪላንድም በበኩሉ ከዱክና ከኖርዝ ካሮላይና ጋር የነበረውን የቅርጫት ኳስ ፉክክር ጥሎ ነው የሄደው። ኤሲሲ ከ52 ሚሊዮን ዶላር በላይ የመውጫ ክፍያ ጠየቀው፤ ተካሰሱ፤ በ2014 በ31.4 ሚሊዮን ተስማሙ። እኔ በግሌ ሜሪላንድን አልወቅሰውም። በዚያው በ2012 ገንዘብ አጥሮት ሰባት የስፖርት ቡድኖች ዘግቷል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። ሊጠየቅ የሚገባው ጋባዡ ነው። ከተማው ውስጥ ስንት ቴሌቪዥን አለ ከማለት በፊት፣ ቡድኑ አምስት ጊዜ በተከታታይ ተሸንፎም ቅዳሜ ስታዲየም የሚመጣው ስንት ሰው ነው ብሎ መጠየቅ ነበረበት።

በስም መማረክ

በሰኔ 2010 የምዕራብ ጠረፉ ኮንፈረንስ፣ የያኔው ፓክ-10፣ ትልቅ ሕልም ነበረው። ቴክሳስንና ኦክላሆማን ጨምሮ ከቢግ 12 ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አምጥቶ 16 መሆን። መጀመሪያ የተፈረመው ኮሎራዶ ነበር። ስሙ ከባድ ነው፤ በ1990 የውድድር ዘመን የአገሪቱን ሻምፒዮንነት ተጋርቷል። ከጀርባው ደግሞ የዴንቨር ገበያ አለ። ከዚያ ቴክሳስ "አልመጣም" አለ። ሕልሙ ፈረሰ። ኮሎራዶ ይዘው በ11 ቀሩ። የፍጻሜ ጨዋታ ለማዘጋጀት 12 መሆን ስለነበረባቸው ዩታን ጠሩት፤ ስማቸውም ፓክ-12 ሆነ። ዩታ ማሟያ ነበር ማለት ነው።

ማሟያው ግን ማን ነበር? በጥር 2009 አላባማን 31 ለ 17 ረትቶ ዓመቱን ሳይሸነፍ የጨረሰ ቡድን ነው። ከትንሽ ኮንፈረንስ ስለመጣ ብቻ በሙሉ ዓይን ያየው አልነበረም።

ቀጥሎ የሆነውን ተመልከቱ። ኮሎራዶ በፓክ-12 ውስጥ 13 የፉትቦል ዘመን አሳለፈ። ካሸነፈው የተሸነፈው ያነሰበት ዘመን ሁለት ብቻ ነው። ዩታ በ2021 እና በ2022 የኮንፈረንሱን ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ። በ2022 ክረምት የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ አስታወቁ፤ የቀሩት አሥሩ አዲስ የቴሌቪዥን ውል እየፈለጉ አንድ ዓመት ተንከራተቱ። ያን ጊዜ ትዕግሥቱ አልቆ ቀድሞ የወጣው ማን ሆነ? ኮሎራዶ። ሐምሌ 2023 መጨረሻ ላይ ወደ ቢግ 12 ተመለሰ። በሳምንቱ ዋሽንግተንና ኦሪገን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ደግሞ ወደ ቢግ 12 እንደሚሄዱ በአንድ ቀን አስታወቁ። ቀጥሎ ስታንፎርድና በርክሌይ ሄዱ። ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት ባዶ ቤት ይዘው ቀሩ።

ቲሲዩም ሌላው ምስክር ነው። በ1996 ጨዋታ የጀመረው ቢግ 12 ሲቋቋም ከቴክሳስ አራት ዩኒቨርሲቲ ሲወሰድ እሱ ተዘለለ። ከኮንፈረንስ ኮንፈረንስ ሲዞር ኖሮ በ2012 እዚያው የናቀው ቤት ተቀበለው። በጥር 2023 የአገሪቱ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ነበር። 65 ለ 7 መሸነፉን ለጊዜው እንተወው።

ለቁጥር ብሎ መብዛት

ይሄ አጭር ነው፤ ምሳሌው ራሱ ይናገራል። ዌስተርን አትሌቲክ ኮንፈረንስ በ1996 ስድስት አዲስ አባላት ተቀብሎ 16 ሆነ። ከሃዋይ እስከ ኦክላሆማ ተዘረጋ። እንዳይበተን በአራት በአራት ቡድን ከፋፈሉት። የዱሮ ተፎካካሪዎች በየዓመቱ መገናኘታቸው ቀረ፣ የሚካፈለው ሰው በዛ፣ ድርሻው ቀጠነ፣ የጉዞው ወጪ ሰማይ ነካ። በ1998 ዩታንና ቢዋይዩን ጨምሮ ስምንቱ "በቃን" ብለው ወጡ፤ በቀጣዩ ዓመት ማውንቴን ዌስት የሚባለውን አቋቋሙ። አዲስ አባል ከመግባቱ በፊት ነባሮቹ ያለ ማን መኖር እንደማይችሉ የጠየቀ አልነበረም።

ቅዳሜን ብቻ ማሰብ

የፉትቦል ቡድን በሳምንት አንዴ ይጫወታል፤ ባብዛኛው ቅዳሜ። አውሮፕላን ይከራያል፣ ሄዶ ይመለሳል። ከሎስ አንጀለስ ኒው ጀርሲ ወደ 4,000 ኪሎሜትር ይሆናል፤ ለፉትቦል ይቻላል። የመረብ ኳስ ተጫዋቿስ? የሶፍትቦሏስ? እነሱ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጫወታሉ፣ በሥራ ቀን ይጓዛሉ፣ ፈተና አለባቸው። ሲያትል ያላችሁ ታውቁታላችሁ፦ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ልጆች ዱሮ ኦሪገንና ካሊፎርኒያ ነበር የሚመላለሱት። አሁን ፕሮግራማቸው ላይ ሜሪላንድና ራትገርስ አሉ።

ዌስት ቨርጂኒያ በ2012 ቢግ 12 ሲገባ የቅርብ የተባለው የኮንፈረንስ ጎረቤቱ አዮዋ ውስጥ ነበር፤ በመኪና 1,400 ኪሎሜትር ገደማ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን የሚያስታውሰው አጥቶ ይሆናል። ሰን ቤልት የሚባለው ኮንፈረንስ ግን ያስታወሰ ይመስላል። በ2022 ማርሻልን፣ ጄምስ ማዲሰንን፣ ኦልድ ዶሚኒየንንና ሰዘርን ሚስን ሲጨምር የመረጠው ከነባሮቹ ጎረቤት ያሉትን ነው። ደጋፊው መኪናውን አስነስቶ የሚሄድበት ርቀት። ብዙ ያልተወራለት ብልህ ምርጫ ነው ባይ ነኝ።

ማን እንደሆኑ መርሳት

የድሮው ቢግ ኢስት በቅርጫት ኳስ የታወቀ ነበር። ጆርጅታውን፣ ቪላኖቫ፣ ሴንት ጆንስ፣ ፕሮቪደንስ፤ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ፉትቦሉ ሲዳከም አመራሩ ፉትቦልን ለማዳን ያገኘውን ሁሉ መጥራት ጀመረ። ቲሲዩ በ2010 "እሺ" አለ፤ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት በ2011 ወደ ቢግ 12 ዞረ። ከዚያ አይዳሆ ያለውን ቦይዚ ስቴትንና ሳን ዲዬጎ ስቴትን ለፉትቦል ብቻ ጋበዙ። ልብ በሉ፣ የኮንፈረንሱ ስም "ታላቁ ምሥራቅ" ነው። እነሱም ሳይመጡ ቀሩ።

በታኅሣሥ 2012 ሰባቱ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲዎች ተነሥተው ወጡ። ስሙንም፣ ኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የሚደረገውንም ውድድር ይዘው። በትለርን፣ ዜቪየርንና ክሬይተንን ጨመሩ፤ ሦስቱም የቅርጫት ኳስ ፍቅር ያለባቸው። ፉትቦል የለም፣ ትልቅ ስም የለም፣ ብዙ ሰው "አለቀላቸው" አለ። ቪላኖቫ በ2016 እና በ2018 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በፉትቦል ተስፋ ተለይቶ የነበረው የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ፣ ዩኮን፣ በ2020 ወደ ቤቱ ተመለሰና በ2023 እና በ2024 ዋንጫውን ወሰደ። ለኔ ከሁሉም የአባል ምርጫዎች ይሄኛው አንደኛ ነው።

የእንግዳውን ደንብ አስቀድሞ መጠየቅም እዚሁ ይገባል። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ንብረት የሆነው ቢዋይዩ እሑድ አይጫወትም። ሰንበት ማክበር ለኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለፕሮግራም አውጪ ግን ራስ ምታት ነው። ቢግ 12 ይሄንን አውቆ፣ ተስማምቶ ነው በ2023 ያስገባው። ከገባ በኋላ ቢሆን ኖሮ ጭቅጭቅ ነበር።

በማመንታት ጊዜ መግደል

በ2016 ቢግ 12 "ልንጨምር ነው" ብሎ አወጀ። ዩኒቨርሲቲዎች ተሰለፉ፣ ራሳቸውን አስተዋወቁ፣ ቃለ መጠይቅ ተደረገላቸው። በጥቅምት "ማንንም አንጨምርም" ተባለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ቴክሳስና ኦክላሆማ ሊለቁ ሲሆን፣ ያኔ የተመለሱትን ሂዩስተንን፣ ሲንሲናቲን፣ ዩሲኤፍንና ቢዋይዩን ራሱ ጠራቸው። ደግነቱ አልተቀየሙም። በዚያው ነሐሴ 2021 ፓክ-12 "ለጊዜው አንስፋፋም" የሚል መግለጫ አወጣ። ተፎካካሪው ስምንት አባል ይዞ ሲንገዳገድ ማለት ነው። የፓክ-12ን መጨረሻ ከላይ አይተነዋል።

ውሉን ሳያነቡ መፈረም

የፓክ-12ን ስም ይዘው ባዶ ቤት የቀሩት ሁለቱ፣ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት፣ ለ2024 ዘመን የሚጋጠሙት ስላልነበራቸው ከማውንቴን ዌስት ጋር የጨዋታ ውል ገቡ። ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ነበረች። ፓክ-12 የማውንቴን ዌስትን አባል ቢወስድ ለመጀመሪያው 10 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን እየጨመረ ይሄዳል። በመስከረም 2024 አምስት ወሰዱ። ደምሩት፦ 55 ሚሊዮን። ፓክ-12 አንቀጹ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ሊሆን ይችላል። ግን ሲፈረም ብዕር የያዘው ማን ነበር?

ሌላም ሕግ አለ። በትልቁ የፉትቦል ደረጃ ለመታወቅ ኮንፈረንስ ፉትቦል የሚጫወቱ ስምንት ሙሉ አባላት ያስፈልጉታል። አዲሱ ፓክ-12 ስምንት ሞላ ሲባል አንዱ ጎንዛጋ ሆኖ ተገኘ፤ ጎንዛጋ ደግሞ የፉትቦል ቡድን የለውም። ስለዚህ ሌላ ፍለጋ ተገባ። ቴክሳስ ስቴት የተፈረመው በሰኔ 2025 የመጨረሻ ቀን ነው። አንድ ቀን ቢያድር የመውጫ ክፍያው ከ5 ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ያድግ ነበር።

ርካሹን መውደድ

የዳላሱ ዩኒቨርሲቲ ኤሴምዩ ኤሲሲ ለመግባት የዘጠኝ ዓመት የቴሌቪዥን ድርሻውን ትቷል። ሀብታም ደጋፊዎች ስላሉት ይችለዋል። ስታንፎርድና በርክሌይም በቅናሽ ድርሻ ነው የገቡት። ለነባሮቹ ትርፍ ይመስላል፦ አባል ጨመርን፣ ድርሻችን አልተነካም፣ እንዲያውም ተረፈን። ነገር ግን ኤሴምዩ በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2024፣ ለኤሲሲ ፍጻሜ ደረሰ፤ ለአገር አቀፉ የ12 ቡድኖች ማጣሪያም አለፈ። ሙሉ ድርሻ ከሚወስዱት ብዙዎቹ ያልደረሱበት ቦታ ነው። በየዓመቱ እያሸነፈ ከጎናቸው ባዶ እጁን የሚቀመጥ አባል፣ ሌላ ኮንፈረንስ ሙሉ ድርሻ ይዞ በሩን ያንኳኳ ቀን ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም። ቅናሹ በምን ውጤት ሊያጥር እንደሚችል ውሉ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ለመነጋገር ጥሩው ጊዜ ፊርማው ሳይደርቅ ነው፤ ያኔ ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ማንም አልተሸነፈም።