ውሃው የት ሄደ? ሞተር ደጋግሞ ሲፈላ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ልጄ፣ ውሃ ብቻ ጨምርልኝና ልሂድ፤ ቸኩያለሁ» አሉኝ አንድ አዛውንት ኮሮላቸውን ጋራዡ በር ላይ አቁመው። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል።

«አባባ፣ ትናንት የጨመሩት ውሃ የት ሄደ?»

«ተነነ እንጂ የት ይሄዳል!»

ይህ የብዙ ሰው መልስ ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የሞተር ውሃ ምድጃ ላይ እንደተጣደ ድስት አይደለም። ታሽጎ የሚዞር ውሃ ነው፤ ጤነኛ መኪና ለወራት ቢነዳ አንድ ብርጭቆ እንኳ ላይጎድልበት ይችላል። ከጎደለ ወይ ወደ ውጭ ፈስሷል፣ ወይ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ በጭስ ማውጫው ወጥቷል፣ ወይ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል። የአዛውንቱ መኪና እስኪበርድ ጠብቀን በእጅ ባትሪ ስናየው፣ ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለች ትንሽ ቀዳዳ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ የደረቀ ሮዝ ቅርፊት አገኘን። ቀዳዳዋን ሆን ብሎ የሚተዋት አምራቹ ነው፤ የፓምፑ ማኅተም ሲያልቅ ውሃው በእርሷ በኩል ወጥቶ እንዲያስታውቅ ነው። ፍሳሹ በጋለው ብረት ላይ እየደረቀ ስለሚቀር መሬት ላይ ጠብታ አይታይም። እርሳቸው ለሁለት ወር ያህል ውሃ ሲጨምሩ ቆይተዋል።

ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ስቆይ እንደዚህ የሚያንገበግበኝ ነገር የለም፤ በቀላሉ ሊድን ይችል የነበረ ሞተር ቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚቀመጠው የሞተሩ ራስ) ጠሞ እየተጎተተ ሲመጣ ማየት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ በእጁ ያለውን መኪና ለረጅም ጊዜ ማቆየት ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልጻፋቸው።

መቼ እንደሚፈላ ሳይጠይቁ ዕቃ መቀየር

አንዲት ወጣት ቪትዟን ይዛ ስትመጣ ራዲያተሩም የውሃ ፓምፑም አዲስ ነበሩ። ሌላ ቦታ ተቀይረውላታል፤ መኪናው ግን መፍላቱን አልተወም። «እህቴ፣ የሚፈላው ስትሄጂ ነው ወይስ ስትቆሚ?» አልኳት። «መገናኛ አካባቢ መጨናነቅ ውስጥ ስገባ ነው። በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስሄድ ምንም አይለኝም።»

ምርመራው ግማሽ መንገድ የሄደው በዚህ መልስ ነው። መኪና ሲሮጥ ነፋሱ በራዲያተሩ ውስጥ እያለፈ ያቀዘቅዘዋል። ሲቆም ነፋስ የሚያመጣለት ፋኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆሞ የሚፈላና ሲሮጥ የሚበርድ መኪና በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በፋን ነው። ሞተሩን አስነሥተን ኤሲውን አበራን፤ በአብዛኞቹ መኪናዎች ኤሲ ሲበራ ፋኑም መነሣት አለበት። አልተነሣም። ፊውዙ ደህና ነው። የፋኑን ሪሌ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የምታገናኝለትን ትንሽ ማብሪያ፣ አጠገቡ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር አቀያየርነው፤ ፋኑ ወዲያው ዞረ። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ከክብሪት ሳጥን በምታንስ ሪሌ ምክንያት ነበር።

ነገሩ ሲገለበጥ ጥርጣሬውም ይገለበጣል። ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ በረጅም ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዱት የሚፈላ መኪና ፋኑ ሳይሆን የውሃው ዝውውር ነው የሚያስጠረጥረው፤ ውስጡ በዝገትና በቅርፊት የተደፈነ ራዲያተር፣ ክንፎቹ የተበሉ የውሃ ፓምፕ፣ ፓምፑን የሚያዞር ግን የሚንሸራተት ቺንጊያ፣ ወይም ሞተሩ ሲፈጥን የሚጨማደድ የታችኛው ቱቦ ሊሆን ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ አባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣ ሾፌር ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከሸለቆው ወለል ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሲወጣ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለወራት ችግሩን ደብቆ የኖረ ራዲያተር እዚያ ይጋለጣል። በጠዋት አስነሥተውት ገና ከሰፈር ሳይወጣ የሚፈላ መኪና ደግሞ የተዘጋ ቴርሞስታት (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ)፣ ውሃው ውስጥ የታሰረ አየር ወይም የተበላ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለ ማሸጊያ) እንዳለበት ይጠረጠራል።

ፋን ስንል የሚዞረውን ብቻ አንይ። ዙሪያውን የሚከበው የፕላስቲክ መከለያ ለሥራ ተብሎ ይፈታና ተመልሶ ሳይገጠም ይቀራል። ያለ እርሱ ፋኑ የሚስበው በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈውን ነፋስ ሳይሆን በጎን ያለውን ትኩስ አየር ነው። በኤሲው ራዲያተርና በሞተሩ ራዲያተር መካከል የሚከማቸውን አቧራና ነፍሳትም ከፊት ቆሞ የሚያይ ሰው አያገኘውም። ራዲያተሩ ሲታጠብም ስስ ክንፎቹ እንዳይጣመሙ በቀስታ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ነው።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል

በዚህ ላይ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። «እዚህ አገር በረዶ የለም፤ ቴርሞስታት ለፈረንጅ አገር ነው» ይባላል። መኪናው ይፈላል፣ ቴርሞስታቱ ይወጣል፣ ለጥቂት ቀን የተሻለው ይመስላል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል።

ቴርሞስታት የሚያገለግለው ለብርድ ብቻ አይደለም። ሞተሩ በተሠራለት ሙቀት እንዲሠራ የሚጠብቀው በረኛ እርሱ ነው። ከወጣ ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ይበላሻል፣ ፒስተንና ሲሊንደር ከሚገባው በላይ ይፋተጋሉ። ሰው የማያውቀው ሌላም ጉዳት አለ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ ነው ያለው፤ ከራዲያተሩ የሚመጣውን ውሃ በር ሲከፍት፣ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይሄድ ሞተሩ ውስጥ ብቻ የሚዞርበትን አቋራጭ ይዘጋል። እርሱ ሲወጣ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል። ትኩሱ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል፤ መኪናው ዳገት ላይ ሲደርስ ከበፊቱ ብሶ ይፈላል።

ከመጣል መፈተን ይሻላል። በሽቦ አንጠልጥለው ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ያስገቡት፣ የድስቱን ወለል እንዳይነካ ይጠንቀቁ፣ ቴርሞሜትር ጨምረው ይጣዱት። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈትበት ሙቀት በላዩ ተቀርጿል፤ ለምሳሌ 82። በዚያ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንዳንድ ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ወደ 95 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ድስቱ ውስጥ አፉን በሙሉ አልከፈተም ብለው ደህናውን ዕቃ እንዳይጥሉ። ጨርሶ ካልተነቃነቀ ግን ሞቷል፤ በተመሳሳይ ቁጥር ይቀየር።

የራዲያተሩን ክዳን መናቅ

ክዳኑ ማፈኛ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ያያሉ፤ ውሃው ስንት ባር ግፊት እስኪደርስ እንደሚያፍን ይናገራል። ጤነኛ የ0.9 ክዳን አዲስ አበባ ላይ በ92 የሚፈላውን ውሃ ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ እንዳይፈላ ይይዘዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ይህን ሁሉ ጥበቃ ያጠፋዋል። እኛ ደገኞች ደግሞ ክዳን ሲደክም ከባሕር ዳርቻ ሰው ቀድመን ነው የምንጎዳው። ሞተሩ ሲበርድ የላይኛው ቱቦ ተጣብቆ ከተገኘም ከክዳኑ ሁለት ጎማዎች ትንሿ ውሃውን ከተጠባባቂው ዕቃ (ትርፉን ውሃ ከሚይዘው የፕላስቲክ ዕቃ) መልሳ አልሳበችም ማለት ነው። ክዳን ከሁሉም ዕቃ ርካሹ ነው፤ መጀመሪያ እርሱን ይመርምሩ።

በትኩሱ መክፈት፣ በቀዝቃዛ ውሃ መድፋት

ያ ታፍኖ የተቀመጠ ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ፊቱና ክንዱ የተቃጠለ ረዳት አይቻለሁ፤ የእጁ ጠባሳ ዛሬም አለ። ጨርቅ ደርቦ መክፈት አያድንም። ሞተሩን ያጥፉ፣ ኮፈኑን ይክፈቱ፣ የላይኛውን ቱቦ በእጅ ጨብጠው መያዝ እስኪችሉ ድረስ ይጠብቁ፤ ግማሽ ሰዓትም ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትም ቴስታታ ሊሰነጥቅ ይችላል።

ዳገት ላይ ሙቀቱ ሲወጣ ካዩ ገና ሳይፈላ ኤሲውን ያጥፉ፣ የካቢኑን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፣ መስኮት ዝቅ ያድርጉ። ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነውና ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ቀይ ከነካ ግን «እዚያች ድረስ ብቻ» የሚባል ነገር የለም፤ ዳር ይያዙ።

መቁጠሪያውን ብቻ ማመን

ብዙ ቪትዞች የሙቀት መርፌ የላቸውም፤ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲፈላ ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው። ቀዩ ሲበራ ነገሩ ቀድሞ ሄዷል። መርፌ ያለውም ቢሆን ያሳስታል፤ የሙቀት መለኪያዋ በትክክል የምታነበው ውሃ ውስጥ ስትሆን ነው። ውሃው አልቆ በባዶ ከቆመች ሞተሩ እየነደደ መርፌው ዝቅ ሊል ይችላል። ከላይ የነበረ መርፌ ዳገት ላይ እያሉ በድንገት ከወረደ በረደ ብለው ደስ አይበልዎ፤ ያጥፉት።

ያገኙትን ውሃ መጨመር፣ አየሩን ሳያስወጡ መክደን

በችግር ቀን የሚገኘው ውሃ ይጨመራል፤ አልከለክልም። ልማድ ሲሆን ነው የሚጎዳው። የጉድጓድና የቧንቧ ውሃ ኖራ መሰል ቅርፊት ይተዋል፤ ያለ ኩላንት ደግሞ ብረቱ ይዝጋል፣ ራዲያተሩ ይደፈናል። ኩላንት ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያ ሙቀትንም ከፍ ያደርጋል። ውሃ ሳይቀላቀልበት የተገዛ ከሆነ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይቀላቀላል። ቀለም ስላለው ብቻ ኩላንት ነው ማለት አይደለም፤ ቀለሙ ስለተመሳሰለም ሁለት ዓይነት አይቀላቀልም።

ውሃ ከተቀየረ በኋላ የሚረሳው አየሩ ነው። መኪናውን አፍንጫው ሽቅብ በሆነ ቦታ ያቁሙ፣ የካቢኑን ማሞቂያ ወደ ሙቅ ያዙሩ፣ ሞተሩ እንደበረደ ክዳኑን ከፍተው ያስነሡት። አረፋው እየወጣ ውሃው ይወርዳል፤ እየሞሉ ፋኑ እስኪነሣ ይጠብቁ፣ ውሃው ሽቅብ መገንፈል ከጀመረ ግን አስቀድመው ይክደኑት። ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ብቻ የሚነፋ ከሆነ አየር ገና ታስሯል፣ ወይም ውሃው ጎድሏል።

«ጓርኒሲዮን ነው» ብሎ መፍረድ

ይህ ፍርድ አንዳንዴ በችኮላ፣ አንዳንዴም ካለፈ በኋላ ነው የሚሰጠው። በሐምሌ ጠዋት ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ነጭ ጭስ ብቻውን ምንም አይደለም፤ የብርድ እንፋሎት ነው። አጭር አጭር መንገድ በሚሄድ መኪና የዘይት ክዳን ሥር የሚታይ ነጭ ቅባትም እርጥበት ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ የማምናቸው ምልክቶች ሌሎች ናቸው፦ ሌሊት ያደረ ሞተር በተነሣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር የላይኛው ቱቦ፤ አየሩ ሁሉ ከወጣ በኋላም ራዲያተሩ አፍ ላይ ሳያቋርጥ የሚንተከተክ አረፋ፤ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ፣ የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ። ማረጋገጫ ደግሞ አለ፤ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚደረግ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያ ነው፤ የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህ ሳይደረግ ሞተርዎ እንዲፈታ አይፍቀዱ።

ከተፈታ ደግሞ አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብቶ መክደን ብቻ አይበቃም። በፈላ ሞተር ላይ ቴስታታው ጠሞ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በላዩ ተጋድሞ ክፍተቱ በስስ መለኪያ ይታያል፤ ለብዙ ትንንሽ ሞተሮች የሚፈቀደው 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ። ካለፈ በማሽን ይስተካከላል። ቡሎኖቹም ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጠብቃሉ። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት፣ በትሕትና ግን አጥብቀው መለኪያውን ይጠይቁት።

ጥገናው እንዳለቀ መርሳት

ከሥራው በኋላ ለሁለት ሳምንት በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ የተጠባባቂውን ዕቃ ውሃ ይመልከቱ። ፕላስቲኩ ላይ በማርከር መስመር ያስምሩበት። የኮሮላው ባለቤት አዛውንት ፓምፑ ከተቀየረላቸው በኋላ ይህን መክሬያቸው ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን መጥተው ኮፈኑን ራሳቸው ከፈቱና ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፉ። ውሃው ከመስመሩ አንድ ጣት እንኳ አልወረደም።